እስክትመረቅ

1

የጥጋቡን ጣቶች አንድ በአንድ በድንጋይ ሰበሯቸው። ከዚያ ለቀቁት።

ወንዝ ዳር አንጋለውት፣ ሁለቱ ደረቱ ላይ ተቀምጠው፣ ሦስተኛው መዳፉን ጠፍጣፋ አለት ላይ ዘርግቶ ይመታ ነበር። ጥጋቡ መጀመሪያ ተሳደበ። ቀጥሎ ለመነ። በኋላ «ግደሉኝ» አለ። ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ ነበር፤ ጥይትም አልጠፋም። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጠው አያ ጫኔ ግን ላቡን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ እንዲህ አለው፦

«አንተን ገድለን የአዝመራውን ደም መለስን ልንል ነው? አንተ የአዝመራው ዋጋ አይደለህም። ሂድ፣ ቤትህ ግባ።»

2

ይህ ስለ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ምርጫ የተጻፈ ታሪክ ነው።

አትሳቁ። ዓለም አቀፍ ግንኙነት አጥንታ በዲግሪ ለመመረቅ ስላቀደች አንዲት ልጅ ነው የምነግራችሁ፤ የተሰበሩት ጣቶች የአጎቷ ናቸው። እንደ ወጉ ቢሆን ከልደቷ ጀምሬ፣ አስተዳደጓን ተርኬ፣ ቀስ እያልኩ እዚህ መድረስ ነበረብኝ። ሞክሬው ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ ሰው ሞተብኝ። ስለዚህ ቆራርጬ፣ ቁጥር ሰጥቼ አቀረብኩት። በቁጥሮቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ትንፋሽ መውሰጃ ነው፤ ለእናንተም፣ ለእኔም።

የልጅቷ ስም እናንዬ ነው። እናንዬ ይርሳው።

3

መጀመሪያ የሞተው አዝመራው ነው።

ላይ ጭዬና ታች ጭዬ በአንድ ወንዝ የተለያዩ መንደሮች ናቸው። እናንዬ፣ አባቷ ይርሳውና አጎቷ ጥጋቡ የታች ጭዬ ሰዎች ናቸው። አዝመራው የላይ ጭዬ ልጅ ነበር፤ ከሁለቱም መንደር ተምሮ ዲግሪ የያዘ የመጀመሪያው ሰው። ሲቪል ኢንጂነር። እናቱ እማማ አንጓች ስሙን ሲጠሩት «ኢንጂነር» የሚለውን አይዘሉም፤ በልጅነቱ የሠራውን ጥፋት ሲያወሩ እንኳ «ኢንጂነር ማሰሮ ሰበረ» ነበር የሚሉት።

የቤተሰቡ አንድ ማሳ ከወንዙ ወዲህ፣ ከጥጋቡ ማሳ ጎን ነበር። አዝመራው ለፋሲካ ሲመጣ ሜትር ይዞ ወጣና ድንበሩን ለካው። ጥጋቡ በየዓመቱ አንድ ትልም፣ አንድ ትልም እያለ ገፍቶ ገፍቶ የሰው መሬት ውስጥ ቤት ሊሠራ ምንም አልቀረውም ነበር። አዝመራው አልተቆጣም። ሜትሩን እንደዘረጋ ሳቀ። ከእሱ ጋር የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። በማግሥቱ ገበያው ሁሉ ሳቀ። ጥጋቡ መሬቱን ቢወስዱበት ይችለው ነበር፤ ሳቁን ግን አልቻለውም።

ሐምሌ ላይ አዝመራው ተመረቀ። እማማ አንጓች እግራቸውን ታመው ስለነበር ምረቃው ላይ አልተገኙም። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ልጅ ሲመረቅ ጋውኑን አውልቆ ለእናቱ ያለብሳል፣ ቆቡን ይደፋላታል፣ ፎቶ ይነሳሉ። አዝመራው በስልክ «ግድ የለም፣ ይዤልሽ መጥቼ እዚያው ደጃፍሽ ላይ አለብስሻለሁ» አላቸው።

ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ጋውኑን በቦርሳ ይዞ፣ ወንዙ አጠገብ ሾላው ሥር ሲደርስ ጥጋቡ ከኋላው ተኮሰ። የመጀመሪያው ጥይት ጀርባውን መታው። አዝመራው ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ ወደቀ። ሁለተኛው አንገቱን።

ጋውኑን እማማ አንጓች ወንዝ ወርደው አጠቡት። ጨርቁ ጥቁር ስለሆነ ደሙ አይታይም ነበር፤ ውሃው ግን መቅላቱን አልተወም።

* ፖሊስ መጥቷል። ከላይ ጭዬ አንድም ሰው ምስክርነት አልሰጠም። «መንግሥት ካሰረው ለእኛ ምን ይተርፈናል?» ነበር ነገሩ።

4

ሴት በደም

አትቆጠርም።

የላይ ጭዬ ሰው የታች ጭዬን ወንድ ካገኘ፣ ለደሙ ከመጠነ ይገድላል፣ ካልመጠነ አካል ያጎድላል፤ ሴቷን ግን መንገድ ይለቅላታል። ሴት ገድሎ ደሜን መለስኩ የሚል ሰው ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ነው። ስለዚህ ወንዶቹ ወንዙን መሻገር ሲያቆሙ የሁለቱ መንደር ጉዳይ በእናንዬ እግር ይመላለስ ጀመር። ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች።

እናንዬ፦ አባቴ ማክሰኞ ማክሰኞ እኛ ከብት እናጠጣ፣ ረቡዕ እናንተ አጠጡ ይላል።
አያ ጫኔ፦ እሺ በይው። ጥጋቡ የሚሉት ውሻ በማንኛውም ቀን ወንዙ ላይ ከታየ ግን ከብቱንም እረኛውንም አርደን ውሃው ውስጥ እንጥለዋለን በይው።

(ወንዙን ተሻግራ)

ይርሳው፦ ምን አሉ?
እናንዬ፦ እሺ አሉ። ደግሞ አያ ጥጋቡ ለጊዜው ወንዝ ባይወርድ ደስ ይለናል አሉ።

ይህን ያስተማራት የለም። መምህሯ ቢተው ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ስቆ «አንቺ ልጅ፣ ለዚህ እኮ ትምህርት አለው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብተው አራት ዓመት ነው የሚማሩት» አላት። እናንዬ የዚያን ቀን አቀደች። አቋሟንም አልቀየረችም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ ታያላችሁ፣ እሷ ግን አንዴም አልለወጠችም።

5

ስህተቱ የተሠራው በደስታ ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲመጣ ከትምህርት ቤቱ ያለፈችው እናንዬ ብቻ ነበረች። ይርሳው በግ አረደ። እናቷ ደብሬ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ እልል አለች። ይርሳው ወንድ ልጅ የለውም፤ ይህ ነገር በሆዱ ስንት ዘመን እንደተቀመጠ የሚያውቀው እሱ ነው። አረቄው ሞቅ ሲያደርገው ተነሳ፤ ዝናሩን ከወገቡ ፈታና የልጁ ወገብ ላይ አሰረው። ምንሽሩን አስጨበጣት።

«ተው ይርሳው» አለች ደብሬ።

«ዝም በይ! ልጄ ናት።»

አንባቢዬ፣ እዚያ አገር ዝናር ታጥቆ፣ በስሙ ፎክሮ የተኮሰ ሰው ከወንድ ይቆጠራል። ይህን የማያውቅ የለም። ይርሳውም ያውቃል። ደስታ ግን ያስረሳል።

«ዘራፍ!» አለች እናንዬ። «ዘራፍ የይርሳው ልጅ! አባቴ ወንድ አጣሁ አትበል፣ እኔ አለሁ!»

ተኮሰች። ደገመች። ምንሽሩ ትከሻዋን ሲመታት አመማት፤ ደስ አላት። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም፤ ይህን ልደብቅላት አልችልም። የተኩሱ ድምፅ ወንዙን ተሻግሮ ላይ ጭዬ ደረሰ። እማማ አንጓች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ማን ነው የሚተኩሰው?» አሉ።

«የይርሳው ልጅ ናት» አላቸው አያ ጫኔ። «ታጥቃ።»

6

የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሳ ለዕረፍት ስትመጣ የትምህርት ክፍል ለመምረጥ ጥቂት ጊዜ ነበር የቀራት። በዚያው ሰሞን በገበያ አንድ ወሬ ይናፈስ ነበር። ላይ ጭዬዎች «ለካስ ይርሳውም ወንድ ልጅ አለው» እያሉ ነው ተባለ። ከኢንጂነር እኩል የሆነ ትምህርት ከተማረች የአዝመራው ዋጋ እሷ ናት ማለት ነው፤ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። የስብሰባው ርእስ፦ ዋጋ የሌለው ትምህርት የቱ ነው?

ደብሬ፦ ሕክምና እንዳትዪ ብቻ። በማርያም።
ጥጋቡ፦ ሕክምናማ ከኢንጂነርም ይበልጣል።
ይርሳው፦ ሕግም ይቅርብሽ። ዳኛ ከሆንሽ አለቀልን።
ጥጋቡ፦ ሒሳብ ሥራስ? እሱ እንኳ መካከለኛ ነው።
ይርሳው፦ አንተ ዝም በል! ይሄ ሁሉ ያንተ ጣጣ አይደለም?
(ጥጋቡን ሚስቱ አጎረሰችው። ጣቶቹ ጠምዘዝ ብለው ነው የዳኑት፤ እንጀራ መቁረስ አይችሉም።)
እናንዬ፦ እኔ የመረጥኩት ዓለም አቀፍ ግንኙነት ነው።
ይርሳው፦ ምንድን ነው እሱ?
እናንዬ፦ አገር ከአገር እንዴት እንደሚስማማ፣ እንዴት እንደሚጣላ የሚያስተምር ነው።
ይርሳው፦ ሥራ አለው?
እናንዬ፦ ብዙም የለውም ይላሉ። ተመራቂው ሁሉ ቤቱ ነው የተቀመጠው አሉ።
ደብሬ፦ እልልልልልል!

* በአገራችን «ሥራ የለውም» ተብሎ እልል የተባለለት ትምህርት ከዚህ ሌላ ሰምቼ አላውቅም።

7

ወደ ደመኛ ቤት ስትሄጂ እንዲህ አድርጊ።

እጆችሽን ከነጠላሽ አውጪ፤ ይታዩ። በዋናው መንገድ ሂጂ፣ ጓሮ ለጓሮ አትምጪ። ውሾቹ ሲጮሁ አትቁሚ። ውሃ አይሰጡሽም፤ ቢጠማሽም አትጠይቂ፤ የደም ሰው በአንድ ጣሳ አይጠጣም። የተነገረሽን ተናገሪ። «ይርሳው ልጄ ሥራ የሌለው ትምህርት ነው የምትማረው ይላችኋል» ብለሽ ተመለሺ። ለዚህ ነው የተላክሽው። ለዚህ ብቻ።

እናንዬ መንገዱን ሙሉ ተለማምዳዋለች። ምንም አይደለም። ሥራ የለውም። ዝም ብሎ ጊዜ ማሳለፊያ ነው።

እማማ አንጓች መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። አያ ጫኔ በስተቀኛቸው፤ የአዝመራው ታናሽ ወንድም ደረበ በሩ ላይ ቆሟል። ከግድግዳው ላይ ያ ጋውን ተሰቅሏል፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ።

«አንቺ ምን ልትማሪ ነው?» አሉ እማማ አንጓች።

«ዓለም አቀፍ ግንኙነት፣ እማማ።»

«የኔ ልጅ ድልድይ ነበር የሚሠራው። ያንቺ ትምህርት ምን ይሠራል?»

አሁን ነው። ምንም በያቸው፣ እናንዬ። ምንም በይና ውጪ። ከአፍሽ አንዲት ቃል ናት የምትፈለገው።

እናንዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ጋውን አየች። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በዚያ ወንዝ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች፣ በመንገድ ላይ ስንት ክፉ ቃል ውጣ ስንት ሰው እንዳተረፈች አሰበች። ማንም አልቆጠረላትም። ያንን ምንም ነው ብላ በገዛ አፏ መናገር አቃታት። ተናደደች።

«ሁለት አገር ደም ሲቃባ መሃል ገብቶ የሚናገር ሰው ያደርጋል» አለች። «አምባሳደር ያደርጋል።»

«አምባሳደር» አለ አያ ጫኔ ቀስ ብሎ። «ከኢንጂነር ይበልጣል ወይስ ያንሳል?»

«ያንሳል» ብትል ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ያልቅ ነበር፤ እኔም ወደ ሌላ ሥራዬ እሄድ ነበር።

«እኩል ነው» አለች።

8

«እኩል ካልሽ እኩል ነው» አሉ እማማ አንጓች። ቁጣ አልነበራቸውም። ስንት ዓመት የጠፋባቸውን ዕቃ ያገኙ ይመስሉ ነበር። «ዝናሩን ስትታጠቂ ጫኔ በዚያው ሰሞን እንጨርሳት ብሎ ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። ልጄን የገደላችሁት ተመርቆ ነው። አንቺም ተመረቂ። እስከዚያ ከላይ ጭዬ የሚነካሽ የለም፤ ሌላም እንዲነካሽ አንፈቅድም። ደረበ ይጠብቅሻል።»

«ስመረቅስ?»

«ስትመረቂ ትሞቻለሽ፣ የኔ ልጅ» አሉ እማማ አንጓች።

እናንዬ ለቤተሰቧ የነገረችው «እሺ ብለዋል» ብላ ነው።

9

ዕቅድ፣ ሁለተኛ ዓመት፦ የዲፕሎማሲ ታሪክ። የዓለም አቀፍ ሕግ መግቢያ። አለመሞት።

ዕቅድ፣ ሦስተኛ ዓመት፦ የአፍሪካ ቀንድ ፖለቲካ። የስደተኞች ሕግ። አለመሞት።

ዕቅድ፣ አራተኛ ዓመት፦ የድርድር ዘዴ። የመመረቂያ ጽሑፍ።

አራተኛው ዓመት ላይ አንድ ነገር የጎደለ መስሏችሁ ከሆነ፣ ልክ ናችሁ።

10

ሦስተኛ ዓመት። ምሳ ሰዓት።

ማን ከማን ጋር እንደተጣላ አልጽፍም። ብጽፈው ገና ሳትጨርሱት ወገን ትለያላችሁ። በአንድ የኳስ ጨዋታ ተጀመረ ተባለ፤ ሌላው በአንድ ግድግዳ ላይ በተጻፈ ስድብ ነው አለ። እናንዬ የምታውቀው የካፌው በር ከውጭ መቆለፉን ብቻ ነው።

ከዚያ መስኮቶቹ ረገፉ። ድንጋይ ወጥ ውስጥ ወደቀ። ሰው ሳህን አንስቶ የሰው ፊት መታ። ከፊቷ ተቀምጣ የነበረችው የዶርም ጓደኛዋ ሮማን ቀና ስትል ግንባሯ ተፈንክቶ ደሙ ዓይኗን ሞላው፤ «እናንዬ፣ አይታየኝም፣ አይታየኝም» እያለች በእጇ አየሩን ትዳብሳለች። አንድ ልጅ ወለሉ ላይ ወድቆ ሦስቱ በእግር ይረግጡታል። ሲጀምሩ ይጮህ ነበር። ከዚያ ዝም አለ። እነሱ ግን አላቆሙም።

ገጀራ የያዘው ወደ እናንዬ መጣ። ከየት ነሽ አላት። መልሱን ሳይጠብቅ አነሳው።

በጓዳው በር በኩል አንድ ሰው ገባ፤ ግቢው ውስጥ ከሚሠራው ሕንፃ የመጣ፣ ሲሚንቶ የለበሰ፣ በእጁ ፌሮ የያዘ። የባለ ገጀራውን ክንድ በፌሮው መታው። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ሁለተኛው ምት መንጋጋው ላይ ነበር። ሌላው ከጎን መጥቶ የሲሚንቶውን ሰውዬ ትከሻ በስለት ተለተለው፤ ሰውዬው ግን እንዳልነካው ሁሉ ዞሮ ፌሮውን ሆዱ ላይ ሰካበት።

ከዚያ ወደ እናንዬ ጎንበስ አለ።

ደረበ ነበር።

«ተነሺ» አላት። «ቀንሽ ገና ነው።»

11

ክሊኒክ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ። የሮማን ግንባር ተሰፍቷል። እናንዬ ነጠላዋን የደረበ ትከሻ ላይ ተጭናለች፤ ደሙ በጣቶቿ መካከል ይወጣል።

እናንዬ፦ እስካሁን የት ነበርክ?
ደረበ፦ እዚሁ። ሁለተኛ ዓመት ከገባሽ ጀምሮ። ሲሚንቶ እሸከማለሁ።
እናንዬ፦ ሰው ገደልክ እኮ።
ደረበ፦ አላውቅም። ምናልባት።
እናንዬ፦ ለእኔ ብለህ?
ደረበ፦ እናቴ አደራ ብላኛለች።
እናንዬ፦ እስክመረቅ።
ደረበ፦ እስክትመረቂ።
እናንዬ፦ ከዚያ በኋላስ? አንተ ነህ የምትተኩሰው?
(ደረበ ከእጁ ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ ይፍቃል።)
እናንዬ፦ ደረበ፣ አንተ ነህ ወይ?
ደረበ፦ ሌላ ማን አለ?
(ነርሷ መጥታ ቁስሉን አየች፤ ሄደች።)
ደረበ፦ ትምህርቱ ይከብዳል እንዴ?
እናንዬ፦ ሕጉ ትንሽ ይከብዳል።
ደረበ፦ አዝመራውም ሁለተኛ ዓመት ላይ ሒሳቡ ከብዶት ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ለማንም አልነገርኩም።

12

አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?

መቼም በሆድሽ ስትመልሺው ቆይተሻል። ትምህርቱን አቋርጪ። ጥፊ። አንድ ፈተና ወድቀሽ እንደ ተማሪ አርጂ። እናንዬም ይህን ሁሉ አስባለች። አራተኛ ዓመት ላይ፣ ከድርድር ኮርስ በስተቀር ሁሉን ጨርሳ፣ የመጨረሻውን ፈተና ባዶ ልታስረክብ ቆርጣ ነበር።

ከፈተናው በፊት በነበረው ዕረፍት ግን አገር ቤት ሄደች። የጥጋቡ ልጅ ታከለች፣ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣው፣ ጠዋት ቤት ተቀምጣ ጥሬ ትለቅማለች።

«ምነው ትምህርት ቤት አልሄድሽም?»

«አባዬ አስወጣኝ» አለች ታከለች። «አንደኛ ስወጣ መታኝ።»

ጥጋቡ እዚያው ነበር፤ የእማማ አንጓች ቃል በገበያ ወሬ ደርሶታል። «ምን ላድርግ እናንዬ?» አለ ጠማማ ጣቶቹን እያየ። «አንቺ ሴት ልጅን አስቆጠርሽብን። አንቺ ካልሆንሽ እሷ ናት። ደደብ ትሁንልኝ። ደደብ ሆና ትኑርልኝ።»

እናንዬ አጎቷን በጥፊ መታችው። እጁን አንስቶ መከላከል እንኳ አልቻለም። ደግማ መታችው፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ጠላችው። ሰውየውን፣ ሾላውን፣ ምንሽሩን፣ ያንን የተኮሰችበትን ቀን፣ ሁሉንም ጠላች።

ፈተናውን ሞልታ ሠራችው።

13

የምረቃ ጥሪ ለወላጆች ነው፤ ለእናትና ለአባት። እናንዬ አባቷን «ይቅርታ አድርግልኝ፣ አንተ ቅር» አለችው። የእሱን ቦታ ለሌላ ሰው ሰጠች። ጥሪውን ይዛ ወንዙን የተሻገረችው እናቷ ደብሬ ናት፤ በሕይወቷ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። እጆቿን ከነጠላዋ አውጥታ፣ በዋናው መንገድ።

«ልጄ ምረቃዬ ላይ ይገኙልኝ ብላለች» አለች።

እማማ አንጓች ጥሪውን ተቀበሉ። ገልብጠው አዩት።

«እመጣለሁ» አሉ። «እንዳለቀላት በዓይኔ ካላየሁ አላምንም።»

በሄዱበት ዋዜማ ልጃቸውን ደረበን ጠርተው ነገሩት። ይህን እናንዬ አታውቅም፤ እናንተ ግን እንድታውቁ እፈልጋለሁ። «ሰው በበዛበት አትቸኩል» አሉት። «እኔን እያየህ ቁም። ነጠላዬን ከራሴ ሳወርድ ያኔ ነው።»

14

በሩ ላይ ጥብቅ ፍተሻ ነበር። ለደረበ ግን ፍተሻው ቀላል ነው፤ የአዳራሹን ግንብ ከሥሩ ጀምሮ ሲገነባ የነበረ ሰው፣ ሽጉጡን የት እንደሚያስቀምጥ አይጠፋውም። ጃኬቱ ውስጥ ከትቶ አንድ ዛፍ ተደግፎ ቆመ። በስለት የተለተለው ትከሻው ዛሬም ዝቅ ያለ ነው።

ስም ተጠራ። እናንዬ ይርሳው። ፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት። ተጨበጨበ። ደብሬ እልል ልትል አፏን ከፍታ ድምፅ አጣች። እማማ አንጓች አጠገቧ ነበሩ። አራት ሰዓት ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ሜዳው ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳማል። አበባ ይሸጣል። በየቦታው ልጆች ጋውናቸውን እያወለቁ እናቶቻቸውን ያለብሳሉ፤ እናቶቹ ያፍራሉ፣ ይስቃሉ፣ ቆቡ ሲያጋድልባቸው ያቃናሉ።

እናንዬ በሕዝቡ መካከል መጣች። ፎቶ አንሺ ይዛለች። እናቷን ሳመች። ከዚያ ጋውኑን አወለቀች።

ደብሬ እጇን ዘረጋች።

«ይቅርታ እማዬ» አለች እናንዬ።

ወደ እማማ አንጓች ዞረች።

15

«ይልበሱት» አለች።

እማማ አንጓች ጋውኑን አዩት። እናንዬ በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛዋለች። ድርድር የሚባለውን ኮርስ በጥሩ ውጤት ነው ያለፈችው፤ አሁን ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር አንዱም አልመጣላትም።

«አዝመራው ደጃፍዎ ላይ ሊያለብስዎት ነበር» አለች። «እኔ ልጅዎ አይደለሁም። የገደለው አጎቴ ነው። እኩል ነኝ ያልኩትም እኔ ነኝ፤ አላነሳውም። የሚሆነው ይሁን። ግን መጀመሪያ ይልበሱት።»

አሮጊቷ ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱ። ከእጅጌው ጀምረው እስከ አንገትጌው።

«አይታይም ነበር» አሉ።

«ምኑ?»

«ደሙ። ጥቁር ስለሆነ አይታይም ነበር።»

ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አስገቡ። ግራውን ደብሬ ያዘችላቸው። የደብሬ እጅ ሲነካቸው አልሸሹም። ጋውኑ ረዘመባቸው፤ መሬት ነካ። እናንዬ ጎንበስ ብላ ጫፉን አነሳችው።

ደረበ ከዛፉ ሥር እያያቸው ነው። ቀኝ እጁ ጃኬቱ ውስጥ ነው። ዓይኑን ሲሚንቶ እንደገባበት ሰው ያርገበግባል።

«ተጠጉ፣ ተጠጉ!» አለ ፎቶ አንሺው። «ልጅ መሃል ትግባ። እንደሱ። እማማ፣ ቆቡ አልቀረም እንዴ? ነጠላዎን ያውርዱና ቆቡን ታድርግልዎት።»

እናንዬ ቆቡን ይዛ ቆመች።

እማማ አንጓች በሕዝቡ ላይ አሻግረው ልጃቸውን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት። የመጨረሻ ልጃቸው ነው። ከዚያ እጃቸውን ወደ ራሳቸው አነሱ።

ነጠላው ወረደ።

«ወደዚህ እዩ» አለ ፎቶ አንሺው። «ሦስት ስል።»

አንድ።

ሁለት።

16

ይህን ባዶ የተውኩት አውቄ ነው፤ ትንፋሽ ውሰዱ።